ጋርደሮብ ምንድን ነው?

የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ግንብ ፎቶ ስታዩ ከግድግዳው ከፍታ ላይ ወደ ውጭ ወጣ ያለች ጠባብ ክፍል ካለች፣ የዘበኛ መቆሚያ ናት ብላችሁ አትቸኩሉ። ሽንት ቤት ልትሆን ትችላለች። ጋርደሮብ የሚሏት እሷን ነው።

ውስጧ የድንጋይ ወይም የእንጨት መቀመጫ አለ፤ መሐሉ ቀዳዳ ነው። የሚወርደው ግድግዳውን ይዞ ግንቡን ወደከበበው የውኃ ቦይ ወይም ወደ ባዶ መሬት ይወድቃል። ሌላው ዓይነት ወደ ውጭ አይወጣም፤ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ ቁልቁል መውረጃ ተሠርቶለት ከሥር ካለ ጉድጓድ ይደርሳል። ያ ጉድጓድ ሲሞላ በሰው እጅ ይዛቃል። መጥረጊያው ብዙ ጊዜ ድርቆሽ ነበር። ከታች ሽቅብ የሚነፍሰውን የክረምት ነፋስ ደግሞ እናንተው ገምቱት።

ዋናው ጣጣ ሽታው ነው፤ ንጉሥም ቢሆን አያመልጠውም። የእንግሊዙ ሄንሪ 3ኛ እ.ኤ.አ. በ1246 በለንደን ያለው የግል መጸዳጃቸው ያለቦታው ተሠርቶ እንደሚሸት ገልጸው፣ መቶ ፓውንድ እንኳ ቢፈጅ ሌላ እንዲሠራላቸው አዝዘዋል። በዚያ ዘመን መቶ ፓውንድ ትልቅ ሀብት ነው!

መፍትሔው እንግዲህ ከመኖሪያው ማራቅ ነበር። በዌልስ የኮንዊ ከተማ ቅጥር ላይ 12 መጸዳጃዎች ተደርድረው ወደ ውጭ ተንጠልጥለዋል፤ ዛሬም ይታያሉ። ቅጥሩ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። በማራቅ ግን ጀርመናዊ ወታደር መነኮሳት የነበሩትን የቴውቶን ፈረሰኞችን የሚያህል የለም። በዛሬዋ ፖላንድ፣ ክቪጂን በተባለች ከተማ፣ የመጸዳጃ ማማውን ለብቻው ሠርተው ከዋናው ግንብ ጋር በቅስቶች ላይ በቆመ፣ ከ50 ሜትር በላይ በሚረዝም የተሸፈነ መተላለፊያ አገናኙት። ለቸኮለ ሰው አይመችም።

ቆሻሻውን ለማስወጣት የተከፈተ ቀዳዳ ግን ጠላትንም ሊያስገባ ይችላል። የፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊፕ 2ኛ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1204 በኖርማንዲ የሚገኘውን ሻቶ ጋያር የተባለ ግንብ ሲይዝ፣ ጥቂት ወታደሮች በመጸዳጃው መውረጃ ሽቅብ ተስበው ገቡ ይባላል። የገቡት በጸሎት ቤቱ መስኮት ነው የሚሉም አሉ፤ ለእነሱ ስል ይኸኛው እውነት በሆነ እላለሁ። የሆነ ሆኖ በአንዳንድ ግንቦች የመውረጃው አፍ ሰው እንዳያሾልክ በብረት ፍርግርግ ይዘጋ ነበር።