ዴንድራይት ምንድን ነው? በባትሪ ሆድ ውስጥ የሚበቅለው እሾህ

ባትሪ ተቃጠለ ሲባል ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በቻርጀሩ ወይም በሙቀቱ ይላከካል። እነሱም ድርሻ አላቸው። የባትሪ ተመራማሪዎችን ግን ሃምሳ ዓመት ያህል እንቅልፍ የነሳቸው ሌላ ነገር ነው። ባትሪው ውስጥ የሚበቅል፣ ከፀጉር የቀጠነ የሊቲየም እሾህ። ዴንድራይት ይሉታል። ቃሉ በግሪክ ዛፍ ከሚለው የመጣ ነው፤ ቅርንጫፍ እያወጣ ያድጋልና።

እሾሁ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ባትሪውን እንክፈተው። የሊቲየም አዮን ባትሪ ሁለት ወገን አለው። ኔጋቲቩ አኖድ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከግራፋይት ነው፣ እርሳስ ውስጥ ካለው ከዚያው ጥቁር ነገር። ፖዘቲቩ ካቶድ ነው። በመካከላቸው ቀዳዳዎቹ በዓይን የማይታዩ ስስ ፕላስቲክ አለ። ውፍረቱ ከ10 እስከ 25 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ቢሆን ነው። ሁሉም ኤሌክትሮላይት በሚባል ፈሳሽ ርሷል። ቻርጅ ስናደርግ የሊቲየም አዮኖች (ኤሌክትሪክ የተሸከሙ የሊቲየም አተሞች) ከካቶዱ ተነስተው፣ በፈሳሹ ውስጥ አልፈው፣ ፕላስቲኩን ተሻግረው ግራፋይቱ ንብርብር ውስጥ ይገባሉ። ስንጠቀምበት ይመለሳሉ። ፈሳሹ የሚቀጣጠል ዓይነት ነው። ይህን ያዙልኝ።

ችግር የሚመጣው አዮኖቹ ግራፋይቱ ውስጥ መግባት ሲያቅታቸው ነው። ቻርጁ በጣም ፈጣን ከሆነ በሩ ላይ ይጨናነቃሉ። ብርድ ከሆነ ደግሞ ግራፋይቱ ቶሎ አይቀበላቸውም፤ ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቻርጅ ማድረግ ባትሪን የሚጎዳውም ለዚህ ነው። መግቢያ ያጣው ሊቲየም ብረት ሆኖ አኖዱ ላይ ይለጠፋል። ልጥፉ ግን እኩል አይሆንም። አንዲት ነጥብ ትንሽ ከፍ ካለች ኤሌክትሪኩ ጫፏ ላይ ይበረታል። ቀጣዩ ሊቲየም ወደ እሷ ይሳባል፤ ከፍ ባለች ቁጥር የበለጠ ትስባለች። ላለው ይጨመርለታል እንደሚባለው ነው።

እሾሁ ፕላስቲኩን ወግቶ ካቶዱን የነካ ዕለት ኮንታክት ይፈጠራል። ቦታው ይግላል። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ አኖዱን የሚጠብቀው ስስ ሽፋን ይፈርሳል። 130 ገደማ ላይ ፕላስቲኩ መቅለጥ ይጀምራል። ከዚያ እያለፈ ሲሄድ ካቶዱ ራሱ ኦክስጅን ይለቃል። የሚቀጣጠል ፈሳሽ፣ ሙቀትና ኦክስጅን በአንድ የታሸገ ዕቃ ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው። እያንዳንዱ የባትሪ እሳት የዴንድራይት ሥራ ነው ማለቴ አይደለም። የፋብሪካ ጉድለት አለ፣ ምት አለ፣ ከልክ ያለፈ ቻርጅም አለ።

ይህ እሾህ የባትሪን ታሪክ መንገድ ያስቀየረ ነው። በ1970ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ስታንሊ ዊቲንግሃም የተባለ ተመራማሪ በነዳጅ ኩባንያው ኤክሰን ውስጥ ሲሠራ የተጠቀመው አኖድ ከሊቲየም ብረት ነበር። ጉልበቱ ተስፋ ሰጪ ነበር፤ እሾሁ ግን አላስቀምጥ አለ። ሞሊ ኢነርጂ የተባለ የካናዳ ኩባንያ የሊቲየም ብረት ባትሪ ይዞ ገበያ ገብቶ ነበር፤ በ1989 ስልክ ላይ እሳት ሲነሳ ባትሪዎቹን ከገበያ ሰበሰበ። መፍትሔው የመጣው በሌላ በኩል ነው። ጆን ጉዲናፍ በ1980 የኮባልት ኦክሳይድ ካቶድን አቀረበ። አኪራ ዮሺኖ ደግሞ በ1985 ሊቲየም ብረቱን አስወጥቶ ካርቦን ተካበት። ሶኒ በ1991 ለገበያ ያበቃው ባትሪ በዚህ መንገድ የመጣ ነው። ሦስቱ ሰዎች በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተጋርተዋል።

ደህንነቱ የተገኘው ግን በከባድ ዋጋ ነው። አንድ ግራም ግራፋይት ቢበዛ 372 ሚሊአምፒር ሰዓት ይይዛል። አንድ ግራም ሊቲየም ብረት 3,860። አሥር እጥፍ! እርግጥ ካቶዱም የራሱ ክብደት ስላለው ባትሪው በጠቅላላ አሥር እጥፍ አይሆንም። ዛሬ ጥሩ የሚባሉት በኪሎ ከ250 እስከ 300 ዋት ሰዓት ይይዛሉ፤ በሊቲየም ብረት የሚታሰበው ከ400 እስከ 500 ነው። ለእኔ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ደህንነትና ጉልበት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይመስላሉ፤ አንድ በር ግን ሁለቱንም ዘግቷቸዋል። እሾሁን የገታ ሁለቱንም ያገኛል።

ታዲያ በምን ይገታ? ብዙ ተስፋ የተጣለበት ሐሳብ ፈሳሹን አውጥቶ በጠጣር ነገር መተካት ነው። ጠጣር ባትሪ የሚባለው ይህ ነው። የሚቀጣጠል ፈሳሽ አይኖርም፤ እሾሁም ግድግዳ ይገጥመዋል። ቻርልስ ሞንሮና ጆን ኒውማን በ2005 ባሳተሙት ስሌት፣ ግትርነቱ የሊቲየምን ሁለት እጥፍ ያህል የሆነ ነገር እሾሁን ሊያቆም እንደሚችል አሳዩ። ሊቲየም በቢላዋ የሚቆረጥ ለስላሳ ብረት ስለሆነ ይህ ከባድ መስፈርት አይመስልም። ሴራሚክ በብዙ እጥፍ ያልፈዋል።

ሲሞከር ግን ለስላሳው ሊቲየም ሴራሚኩን ሰንጥቆ ወጣ። ስሌቱ የታሰበው እንከን ለሌለው ነገር ነበር፤ እውነተኛ ሴራሚክ ግን በዓይን የማይታይ ጭረትና መጋጠሚያ አለው። ሊቲየሙ እዚያች ጭረት ውስጥ ይሞላል። ቻርጁ እየቀጠለ ሲሄድ ሌላ ሊቲየም ይጨመራል፤ መሄጃ የለውም፤ ግፊቱ ስንጥቁን ይከፍተዋል። የዛፍ ሥር አለት የሚሰነጥቀው እንዲሁ ነው። ሌላም ጣጣ አለ። ባትሪው ሲጠቀሙበት ሊቲየሙ ከሴራሚኩ ይሸሽና በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። በሚቀጥለው ቻርጅ ኤሌክትሪኩ በቀሩት ጥቂት መገናኛዎች ላይ ይከማቻል። ያ ደግሞ ለአዲስ እሾህ ምቹ ነው። ብዙ ጠጣር ባትሪዎች ከውጭ በኃይል ተጭነው የሚሠሩትም ለዚህ ነው።

በድኝ ላይ የተመሠረቱ ጠጣሮች ለስለስ ስለሚሉ ከሊቲየሙ ጋር በደንብ ይገጥማሉ። በ2011 የጃፓኑ ርዮጂ ካኖና ባልደረቦቹ ከፈሳሹ የማያንስ አዮን አስተላላፊ ጠጣር አሳይተዋል። ግን እርጥበት ሲነካቸው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ይለቃሉ። የፕላስቲክ ዓይነቶችም አሉ። እነዚህማ መንገድ ላይ ወጥተዋል፤ በ2011 መጨረሻ ፓሪስ ላይ የጀመሩት ብሉካር የተባሉ የኪራይ የኤሌክትሪክ መኪኖች የሊቲየም ብረትና የፖሊመር (የፕላስቲክ) ባትሪ ነበራቸው። ችግሩ ባትሪው እንዲሠራ መሞቅ ነበረበት።

እስከዚያው ዝም ብሎ የተቀመጠ የለም። ፕላስቲኩን በስስ ሴራሚክ መቀባት ተለምዷል። ከአይረን (ከተራው ብረት) ፎስፌት የሚሠራ ካቶድ በቀላሉ ኦክስጅን ስለማይለቅ የእሳቱን አደጋ ይቀንሳል፤ ጉልበቱ ግን አነስ ይላል። ሲሊከን ደግሞ ከግራፋይት በጣም ብዙ ሊቲየም ይይዛል፤ ሲሞላ ግን ወደ ሦስት እጥፍ ይነፋል።

እኔን በጣም ያስደነቀኝ ሥራ በ2017 የታተመው ነው። የስታንፎርዱ ዪ ኩዊና ባልደረቦቹ እሾሁን በጣም አቀዝቅዘው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት። ከዚያ በፊት ጨረሩ ራሱ እሾሁን ስለሚያበላሸው አተሞቹን ለይቶ ማየት አልተቻለም ነበር። በርዶ ሲታይ ፊቱ የተስተካከለ፣ ሥርዓት ያለው ክሪስታል ሆኖ ተገኘ።

አዲስ ተአምረኛ ባትሪ ተገኘ የሚል ዜና ስታነቡ ጥቂት ነገር ፈልጉ። ስንት ጊዜ ቻርጅ ተደረገ? በምን ፍጥነት? በስንት ዲግሪ ሙቀት? በምን ያህል ግፊት ተጭኖ? የባትሪው መጠንስ? ሳንቲም በምታህል ባትሪ፣ በ60 ዲግሪ፣ በቀስታ እየተሞላ የተገኘ ውጤት ጥሩ ጅምር ነው። መኪና ውስጥ፣ በብርድ ጠዋት፣ በሩብ ሰዓት ቻርጅ ሲደረግ እሾሁ ይበቅል አይበቅል እንደሆነ ግን ገና አልነገረንም።