ስለ ፒያኖ «ራን» የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ ኪቦርድ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ጀማሪ ሁሉ የሚለምነኝ አንድ ነገር ነው። «ያንን ሽርር የሚለውን አሳየኝ!» በዜማው መሀል ጣት ቁልፎቹ ላይ ሮጦ የሚያልፍበትን ጌጥ ማለታቸው ነው፤ ሙዚቀኞች «ራን» ይሉታል። ችግሩ አብሮት የሚመጣው እምነት ነው።

«በፍጥነት መለማመድ ያፈጥናል።» አያፈጥንም። ጣት የሚይዘው የደጋገመውን ነው። ስህተቱን አርባ ጊዜ ከሮጥክበት የሸመደድከው ስህተቱን ነው። ራን ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚደናቀፈው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ስር ሲያልፍ። ከዶ በሚነሳው ስኬል (ድምፆቹ በተራ የሚወጡበት መሰላል) ቀኝ እጅ ዶ ሬ ሚን በ1-2-3 ጣት (1 አውራ ጣት ነው) ይመታና ፋ ላይ አውራ ጣት ይገባል። እዚያች ላይ ክርንህ ብድግ ካለ አለቀልህ። ስለዚህ ሚና ፋን ብቻ፣ ቀስ እያልክ፣ ደጋግመህ። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ።

«የትዝታ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ስላለው ይቀላል።» ይህን ሆቴል ከሚጫወቱ ልጆችም ሰምቻለሁ። እስቲ ቁጠረው፦ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። አውራ ጣት ከሚ ወደ ሶል ሲሻገር ፋን ይዘላል፤ ከላ ወደ ላይኛው ዶ ሲሻገር ደግሞ ሲን። በሰባቱ ድምፅ ስኬል ግን የሚያርፈው እዚያው አጠገቡ ነው። ድምፁ አነሰ እንጂ እርምጃው ሰፋ። 1-2-3-1-2 ብለህ ጀምር፤ አውራ ጣትህን ብቻ ከምትዘረጋ እጅህን በሙሉ ወደ ጎን ውሰደው።

«ጠበቅ አድርጎ መጫን ያጠራዋል።» አንድ ተማሪዬ ራን ሊጫወት ሲል ትከሻው ጆሮው ሊደርስ ምንም አይቀረውም። የፒያኖ ቁልፍ የሚወርደው 1 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። መዶሻው ክሩን መትቶ ከተመለሰ በኋላ ብትጫን ባትጫን ድምፁ አይጎላም። ትርፉ ጉልበት ቀጣዩን ጣት ያስራል እንጂ።

«ጣቴ አጭር ነው።» ሰፊ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ላይ ያስቸግር ይሆናል። ራን ላይ ግን ሰበብ ነው።

«ሁሉም ኖታ እኩል መሆን አለበት።» ለልምምድ፣ አዎ፣ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪውን) ክፈት። ጨዋታ ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ነው። የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲው ሾፓን በትንንሽ ኖታ የጻፋቸውን ጌጦች ብናይ ግራ እጅ ምቱን ይዞ ይሄዳል፤ ቀኙ ዘና ብሎ ይዘፍናል። በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ ያረፉትን ፒያኒስት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ስማቸው። ራኑ እንደ ትንፋሽ ነው፤ አንዴ ይቸኩላል፣ አንዴ ይቆያል። እኔ ከሜትሮኖም ይልቅ ከእሳቸው ተምሬያለሁ።

«መብራት ከጠፋ ልምምድ ቀረ።» ይቺ የሰነፍ ናት። የጠፋው ኪቦርድ ላይ ራኑን ተጫወት። ዜማው ስለማይሸፍንልህ የፕላስቲኩ ኳኳታ ብቻ ይሰማሃል። ኳ-ኳ-ኳ… ኳኳ ካለ አውራ ጣትህ ዘግይቷል ማለት ነው።