አስትሮሳይት፦ መልእክት የሚያመርተው የአንጎል ሴል

አስትሮሳይት በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ የነርቭ ሴሎችን የሚደግፍ ሴል ነው። ክንዶቹ በየአቅጣጫው ስለሚዘረጉ ስሙ የወጣለት ከኮከብ ነው። የሚመደብበትን ወገን ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሾ እ.ኤ.አ. በ1856 «ግሊያ» አሉት፤ ሙጫ እንደማለት። ይህ ስም ጎድቶታል። ከመቶ ዓመት በላይ ነርቮች ሲያወሩ እሱ የሚመግብና የሚያጸዳ አገልጋይ ብቻ ተደርጎ ኖረ።

በ1990 ነገሩ ተለወጠ። በቤተ ሙከራ ሳህን ያደጉ አስትሮሳይቶች ነርቮች መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል፣ ግሉታሜት፣ ሲነካቸው ውስጣቸው ያለው ካልሲየም ከፍ አለ፤ ማዕበሉም ከአንዱ ሴል ወደ ጎረቤቱ ተሻገረ። በ1994 ደግሞ አስትሮሳይቱ ራሱ ግሉታሜት እንደሚለቅና አጠገቡ ያለው ነርቭ ምላሽ እንደሚሰጠው ታየ። እንደ ነርቭ በኤሌክትሪክ አይነዝርም እንጂ ዲዳስ አይደለም።

ከምርቶቹ ብዙ የተጻፈለት ዲ-ሰሪን የሚባለው አሚኖ አሲድ ነው። አስትሮሳይቱ አንድ እግሩን የደም ሥር ላይ ይተክላል፤ ሌላ ክንዱን ነርቮች የሚገናኙበት ሳይናፕስ ጋ ያደርሳል። ከደም ከወሰደው ግሉኮስ ኤል-ሰሪን ይሠራል። ከዚያ ሰሪን ራሴሜዝ የሚባል ኤንዛይም ይህን ወደ ዲ-ሰሪን ይገለብጠዋል። ልዩነታቸው የግራና የቀኝ እጅ ያህል ነው። ኤንዛይሙ በ1999 በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ በሰሎሞን ስናይደር ቤተ ሙከራ ተለየ። ጥቅሙስ? ነርቭ ላይ ሆኖ መልእክት የሚቀበለው፣ ለመማርና ለማስታወስም ወሳኝ የሆነው የኤንኤምዲኤ ተቀባይ ባለ ሁለት ቁልፍ በር ነው። ግሉታሜት ብቻውን አይከፍተውም፤ ዲ-ሰሪን ወይም ግላይሲን መጨመር አለበት።

ግልበጣው የት ይፈጸማል የሚለው ያከራክራል። መጀመሪያ ሥራው የአስትሮሳይት ነው ተባለ። ኋላ ኤንዛይሙ በብዛት ነርቭ ውስጥ ተገኘ። ከኤንዛይሙ አግኚዎች አንዱ የሆኑት ኸርማን ዎሎስከርም ወደዚሁ አዘንብለዋል። ቢሆንም ኤል-ሰሪኑን በዋናነት የሚያቀርበው አስትሮሳይት ነው፤ ጥሬ ዕቃ ከሌለ ፋብሪካው ምን ይሠራል? የአስትሮሳይቱ ካልሲየም የነርቮችን ግንኙነት ይለውጣል ወይ የሚለውም በ2010 በወጡ ሁለት ጥናቶች ተቃራኒ መልስ አግኝቷል። በ2023 ግሉታሜት የሚለቁ የተለዩ አስትሮሳይቶች መኖራቸው ከታየ ወዲህ ግን አስትሮሳይት መልእክት መልቀቁን የሚጠራጠሩት ሰዎች ድምፅ ረገብ ማለት ነበረበት።



አስትሮሳይት ለሴል ጉልበት የሚሆነውን ኤቲፒ የሚባል ኬሚካልም ይለቃል። ኤቲፒ ከሴሉ ሲወጣ ተሰባብሮ አዴኖሲን ይሆናል። አዴኖሲን ሲጠራቀም እንቅልፍ ይጫጫነናል። አቦሉን ፉት ስንል ዓይናችን የሚገለጠው ካፌይን መቀመጫውን ቀድሞ ስለሚይዝበት ነው።