የባለሙያ ማሳጅ በጅማ፦ ተገልጋዩ ምን ይጠብቅ?

ማሳጅ ጡንቻንና በዙሪያው ያለውን ሥጋ በእጅ በማሸት፣ በመጭመቅና በመሳብ የተወጠረውን የማላላት፣ ድካምንም የማቅለል ሙያ ነው። በጅማ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ ሲሸከም የሚውል ሠራተኛ፣ ጎንበስ ቀና እያለ እሸት ቡና የሚለቅም ገበሬ፣ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ የሚውል የቢሮ ሰው፣ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተቀምጦ የመጣ መንገደኛም ሊታሽ ይመጣል። የሕመማቸው ምንጭ ስለሚለያይ አስተሻሸቱም ሊለያይ ይገባል። ጥሩ ባለሙያ የሚታወቀው ዘይት ከመንካቱ በፊት በሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

ማሳጅ የወጌሻን ሥራ አይተካም፤ ወጌሻም የማሳጅ ባለሙያ አይደለም። ስብራት፣ ውልቃት ወይም በድንገት ያበጠ ቁርጭምጭሚት ካለ ቦታው ሐኪም ቤት ነው፤ ራጅ ሳይነሳ የተሰበረን ማሸት ስብራቱን ያፈናቅላል፣ አጥብቆ ማሰርም ደም አግዶ እጅ ወይም እግር እስከ ማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ወለምታም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት አይታሽም። ከስትሮክ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ እንቅስቃሴን መመለስ ደግሞ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሥራ ነው።

ወደ ክፍሉ ከመገባቱ በፊት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ የሚወስድ ጥያቄና መልስ ይኖራል። የት ያምሃል? ከመቼ ጀምሮ? ምን መድኃኒት ትወስዳለህ? ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም አለ? አንዳንዱ ተገልጋይ ይህን እንደ ጊዜ ማባከን ያየዋል፤ አደጋን ማስቀረት የሚቻለው ግን እዚህ ላይ ነው። በጅማ ዙሪያ ካሉት ቆላማ ቦታዎች ተመልሶ ቁርጥማትና ብርድ ብርድ የሚለው ሰው ድካም መስሎት ሊታሽ ይመጣል፤ ትኩሳት ካለው የሚያስፈልገው የወባ ምርመራ ነው። ከረጅም ጉዞ በኋላ አንድ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆና ሲነኩት አሞ ከተገኘ ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል። እሱን ማሸት የረጋውን ደም ወደ ሳንባ ሊልከው ስለሚችል ተገልጋዩ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም፣ ለምሳሌ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል መላክ አለበት። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው በጠንካራ ግፊት በቀላሉ ይበልዛል። እግሩ የደነዘዘ የስኳር ሕመምተኛ ግፊቱ ሲበዛ ስለማይሰማው በቀላል እጅ ብቻ ይታሻል። ጭርት፣ እከክ ወይም የተከፈተ ቁስል ያለበት ቦታ አይነካም፤ ሕመሙ ተላላፊ ከሆነ ቀጠሮው ይተላለፋል።

ነፍሰ ጡር ሴት በጎኗ ተኝታ፣ በጉልበቶቿ መካከልና ከሆዷ ሥር ትራስ ተደርጎላት ጀርባዋና ትከሻዋ ቀለል ተደርጎ ሊታሽላት ይችላል፤ አስቀድሞ የእርግዝና ክትትል የሚያደርግላትን ባለሙያ መጠየቅ ይሻላል። ሆዷ ግን መታሸት የለበትም። ልጁን ለማስተካከል በሚል ሆድን በኃይል ማሸት የእንግዴ ልጅ ያለጊዜው እንዲላቀቅና ደም እንዲፈስ ሊያደርግ ይችላል።

ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆይቶ መምጣት ይመከራል፤ በሙሉ ሆድ በደረት መተኛት ያስጨንቃል። ጫት ቅሞ በቀጥታ መምጣትም ጥሩ አይደለም። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ፣ በተለይ ስቲም (በእንፋሎት መታጠን) ከተጨመረበት ልብ ላይ ጫና ይበዛል። ስቲም ከታሰበ ከማሳጁ በፊት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ሻወርና ውሃ ይከተላል። በረመዳን ወይም በሌላ ጾም ላይ ያለ ሰው ስቲሙን ከማፍጠሪያ በኋላ ቢያደርገው ከማዞርና ራስን ከመሳት ይድናል።

ክፍሉ ሞቃት መሆን አለበት፤ በጅማ ክረምት ልብሱን አውልቆ የሚንቀጠቀጥ ሰው ጡንቻው አይላላም። ባለሙያው ወጥቶ ተገልጋዩ ልብሱን በግሉ ያወልቃል፤ የውስጥ ሱሪ ማውለቅ ግዴታ አይደለም። አንሶላ ይደረብለታል፤ የሚገለጠውም በዚያች ሰዓት የሚታሸው ክፍል ብቻ ነው። ሴት በሴት፣ ወንድ በወንድ ልታሽ ማለት ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ ቀጠሮ ሲያዝ ቢነገር ይሻላል። ማንኛውም የወሲብ ንክኪ ወይም ንግግር የሙያው ክፍል አይደለም፤ ከመጣ ከየትኛውም ወገን ይሁን አገልግሎቱ እዚያው ይቆማል።

በ60 ደቂቃው የተለመደ አገልግሎት ተገልጋዩ መጀመሪያ በደረቱ ይተኛል፤ ፊቱ በአልጋው ራስጌ ባለው ቀዳዳ ላይ ያርፋል፣ ከቁርጭምጭሚቱ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ይገባል። ጀርባ 20 ደቂቃ ያህል፣ የእግሮች ኋላ 15፣ ከዚያ በጀርባ ተገልብጦ የእግሮች ፊት፣ እጅ፣ አንገትና ራስ ቀሪውን ይወስዳሉ። ለሙሉ ሰውነት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ዘይት ይበቃል። ዘይቱ ሲበዛ እጅ ይንሸራተታል፣ ጡንቻውን መያዝም ያቅታል፤ ሲያንስ ቆዳን ይጎትታል፣ የጸጉር ሥር ያቆስላል። የለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው የአልሞንድ ዘይት እንዳይቀባ አስቀድሞ ይናገር።

የእጅ አካሄዱ ረጅም ዳበሳ፣ መጭመቅ፣ በአውራ ጣት ክብ ማሸት፣ መጠፍጠፍና ማንዘርን ያካትታል። ይህ ስልት የስዊድን ማሳጅ ይባላል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መልክ ካስያዙት አንዱ ግን ሆላንዳዊው ሐኪም ዮሐን ጌኦርግ ሜዝገር (1838–1909) ነበር። ዳበሳው ከእግር ወደ ልብ አቅጣጫ ይሄዳል። አከርካሪ አጥንቱ ላይ በቀጥታ አይጫንም፤ ሥራው ከግራና ከቀኙ ባለው ጡንቻ ላይ ነው። ከጉልበት ኋላ፣ የአንገት ፊትና ብብትም ነርቭና ደም ሥር ለቆዳ ቅርብ ስለሆኑ ክርን አያርፍባቸውም።

ብዙ ሰው ካላመመ አልታሸሁም ይላል። ይህ አስተሳሰብ ብዙ ጉዳት ያመጣል። ሕመም ሲበረታ ጡንቻው ራሱን ለመከላከል ይኮማተራል፣ ባለሙያውም የበለጠ ይጫናል፣ መጨረሻው ብልዘት ነው። ጥንካሬው ከ0 እስከ 10 ሲለካ 6 ወይም 7 የሚሰጠው፣ እያመመ ደስ የሚል ግፊት በቂ ነው። ትንፋሽ መያዝ፣ ጡጫ መጨበጥ ወይም ጣት መኮማተር ግፊቱ ከልክ ማለፉን ያሳያል። ተገልጋዩ «ቀለል አድርገው» ለማለት ሊያፍር አይገባም፤ ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም። የሚወጋ፣ የሚያቃጥል ወይም ወደ እግር የሚወርድ ስሜት ከመጣ ደግሞ ቦታው ወዲያው ይለቀቃል።

ካለቀ በኋላ ድንገት መነሳት ያዞራል። በጎን ዞሮ፣ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ቁጭ ብሎ መውረድ ይሻላል። ውሃ መጠጣት ጥሩ ነው፤ ማሳጅ መርዝ ከሰውነት ያወጣል የሚለው ግን መሠረት የለውም። በማግስቱ ስፖርት እንደሠሩ ያለ መጠነኛ ሕመም ቢኖር በ1 ወይም 2 ቀን ይለቃል። ከ3 ቀን በላይ የቆየ ሕመም፣ የእጅ ወይም የእግር መደንዘዝ ወይም መዛል ካለ ሳይታሹ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል፤ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ ደግሞ ያለ ምንም ቀጠሮ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።