የቦረና ዝርያ ምንድን ነው?

ኮምቦልቻ የከብት ገበያ ላይ ሰውነቱ የሞላ በሬ በታየ ቁጥር «ቦረና ነው» ማለት ተለምዷል፤ ቀንደ ረጅሙ የራያ በሬ ሳይቀር በዚሁ ስም ይሸጣል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «ቦረና ማለት ቶሎ የሚሰባ ትልቅ ሰንጋ ነው፤ የወሎ ገበሬ የራሱን ከብት ትቶ እሱን ያርባ» ሲል ጻፈ። ምክሩን የሚሰማ ገበሬ ገንዘቡን ስለሚከስር ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

ቦረና በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላ በቦረና አርብቶ አደሮች እጅ የኖረ፣ ሻኛ ያለው፣ በአብዛኛው ነጣ ያለ ወይም ዳለቻ ዝርያ ነው። ኬንያ ውስጥ ለሥጋ ተመርጦ የተሻሻለው ቦረናም መነሻው ይኸው ነው። ባለቤቶቹ ግዙፉን ቆርቲ፣ አነስ ያለውን አዩና ብለው ስለሚለዩት፣ «ትልቅ» የሚለው መለያ ለቦረና ሁሉ እንኳ አይሠራም።

ውፍረት የአያያዝ ውጤት ነው፤ ዝርያን አይናገርም። ከፍግ ክምር አጠገብ የበቀለች አንዲት የደጋለት ማሽላ ዛላዋ ስለከበደ የወሎ ገበሬ ዘሩን በእሷ አይመዝንም፤ የሚመዝነው ዝናቡ ቀድሞ በተቋረጠበት ዓመት ከማሳው ያገኘውን አይቶ ነው። የቦረናም ብርታት የሚለካው በክፉው ወቅት፣ በላሟ ነው፦ በበጋ በሦስት ቀን አንዴ ከኤላ፣ ማለትም ከጥልቅ የውሃ ጉድጓድ፣ እየጠጣች፣ ሩቅ ግጦሽ ተጉዛ፣ ሙቀቱንና መዥገሩን ችላ ጥጃዋን ታሳድጋለች። በየዓመቱ የሚሸጥ ወይፈን የሚገኘው ከእንዲህ ያለችው እናት ስለሆነ፣ ለአርቢው የዝርያው ዋና ጥቅም ይኸው ነው። ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ ማሽላ በአብዛኛው በራሱ የአበባ ብናኝ ስለሚያፈራ ዘሩ እንዳለ ይቀጥላል፣ ጥጃ ግን ግማሹን ከእናቱ ይወርሳል። ስለዚህ አንድ የቦረና ኮርማ በወሎ ላሞች ላይ የለቀቀ ሰው ያገኘው ድቅል እንጂ ቦረና አይደለም፤ በመጀመሪያው ትውልድ የሚታየው የድቅል ብርታትም ድቅሎቹ እርስ በርስ ሲራቡ ይቀንሳል።

«ቶሎ ይሰባል» የሚለውም መመርመር አለበት። በድርቅ ከስቶ ከቆላ የመጣ በሬ ፋጉሎና ፉርሽካ ሲያገኝ ፈጥኖ የሚሞላው በአብዛኛው ያመለጠውን እድገት ስለሚያካክስ ነው፤ የከሳ የወሎ በሬም ጤነኛ ሆኖ እንዲሁ ቢቀለብ ይኸው ይታይበታል። ሁለት ዝርያዎችን ማወዳደር የሚቻለው ዕድሜያቸውና መኗቸው አንድ ሲሆን ብቻ ነው። ጨው ልሶ ውሃ የጠገበ በሬ ሚዛን ላይ የሚጨምረው የሆድ ዕቃ እንጂ ሥጋ ስላልሆነ፣ የሚመዘኑበት ሰዓትም መመሳሰል ይኖርበታል።

ለሦስት ወር ያህል ቀልቦ ለሚሸጥ አድላቢ ከዝርያው ስም ይልቅ የበሬው ዕድሜ፣ የአጥንቱ ስፋትና ጤንነቱ ይበልጣሉ፤ ጥርሱን አይቶ ይግዛ። ለማርባት የሚያስብ ግን ስለ ኮርማው እናት መጠየቅ አለበት፦ በስንት ዓመቷ ወለደች፣ ስንት ጥጃ አሳደገች፣ በድርቁ ጊዜ እንዴት ሆነች? ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ፣ በዙሪያዋ ያለ የደጋ አርቢ አንድ ጥያቄ ይጨምር፤ ኮርማው ብርዱን ለምዶ ያውቃል ወይስ በቀጥታ ከቆላ የመጣ ነው?