ኤሊየን በፊልምና በእውነቱ፦ ከተማሪዎቼ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች

ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ቅዳሜና እሑድ ምን ፊልም ሲያዩ እንደዋሉ ሰኞ ከሚጠይቁኝ ጥያቄ አውቀዋለሁ። በአማርኛ የተተረኩ የጠፈር ፊልሞች በፍላሽና በስልክ እየተቀባበሉ ከደጀን እስከ ቡሬ፣ ከሞጣ እስከ ዳንግላ ያልደረሱበት የለም። ፊልም ማየትን አልቃወምም፤ ብዙ ልጅ ቀና ብሎ ሰማይን እንዲያይ ያደረገው ፊልም ነው። የሚቆጨኝ፣ ከፊልሙ የሚበልጠው እውነተኛው ፍለጋ እነሱ ዘንድ ሳይደርስ መቅረቱ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ኤሊየን የምንለው ከምድር ውጭ ያለ ሕይወት መኖሩ እስካሁን አልተረጋገጠም፤ የለም ተብሎም አልተደመደመም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር፣ ትልቅ ጭንቅላትና ትልልቅ ጥቁር ዓይን አላቸው»

ይህን መልክ የሰጣቸው የፊልም ሥራ ነው። ለረጅም ዘመን ኤሊየን ሆኖ የሚተውነው ሰው ነበር፤ ሰው ጭምብል ቢያጠልቅ፣ ቆዳ ቢለብስ፣ ሁለት እግሩን የት ይደብቃቸዋል? ተመልካቹም ቢሆን የሚፈራው ወይም የሚያዝንለት ፊት ይፈልጋል። ፊት የሌለው ነገር ለሁለት ሰዓት ሰው ወንበር ላይ አያስቀምጥም።

እስኪ የራሳችንን ምድር ታሪክ እንይ። እዚህ ሕይወት ከጀመረ ቢያንስ 3.5 ቢሊዮን ዓመት ሆኖታል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ምድርን የያዟት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ነበሩ። እንስሳት ከመጡ አንድ ቢሊዮን ዓመት እንኳ አልሞላቸውም፤ የእኛ የሰዎች ዕድሜ ደግሞ 300 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ከሌላ ዓለም የመጣ እንግዳ ከእነዚህ ዘመናት በአንዱ እንደ ዕድሉ ምድር ላይ አርፎ ቢሆን ኖሮ፣ ሊቀበለው የሚወጣ ፊት ያለው ፍጡር ባላገኘ ነበር።

ስለዚህ ሳይንቲስቶች በቅድሚያ የሚፈልጉት ትንሹን ነው። እናቶቻችን ለእንጀራ የሚያቦኩበትን እርሾ አስቡት። በውስጡ ያለውን ሕያው ነገር ዓይን አያየውም፤ መኖሩ የሚታወቀው ሊጡ ኩፍ ሲልና አረፋ ሲያወጣ ነው። የሌላ ዓለም ሕይወት ፈላጊዎችም የሚከታተሉት ይህን አረፋ ነው፦ በአንድ ፕላኔት ከባቢ አየር ውስጥ ያለ ጋዝ፣ ድንጋይ ላይ የቀረ ኬሚካል፣ ከበረዶ ስንጥቅ የሚፈናጠር ውኃ።

ለዚህ ጥናት ደግሞ የውጭ ተመራማሪዎች የሚመጡት እኛው አገር፣ አፋር ነው። የዳሎል ፍል ውኃ እጅግ ጨዋማ፣ እጅግ አሲዳማና ሙቅ ስለሆነ የድሮዋን ማርስ ለመረዳት ይጠቀሙበታል። በ2019 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በዳሎል እጅግ ጥቃቅን ተሕዋስያን ማግኘቱን አሳተመ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን አሲዱና ጨው በበረታባቸው ኩሬዎች ውስጥ፣ ውኃ እያለ እንኳ፣ ሕይወት አላገኘሁም አለ። ናሙናው በእጃቸው እያለ፣ ላቦራቶሪው ቅርብ ሆኖ፣ እዚሁ ምድር ላይ ይህን ያህል ካከራከረ ሌላ ፕላኔት ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት ነው።

ግዙፍ ጉንዳንና ግዙፍ ሸረሪት የሚያሳዩትንም ፊልሞች እዚሁ ላንሳቸው። የአንድን ነፍሳት ቁመት፣ ጎንና ውፍረት እጥፍ ብታደርጉት ክብደቱ 8 እጥፍ ይሆናል፤ የእግሩ ጥንካሬ ግን የሚያድገው 4 እጥፍ ብቻ ነው። ቤት የሚያክል ጉንዳን ከመሮጡ በፊት እግሩ ይሰበራል።

«ከፈለጉ በአንድ ሌሊት ይደርሳሉ»

ፊልም ላይ ጀግናው ቁልፍ ይጫናል፣ ከዋክብቱ መስመር መስመር ይሆናሉ፣ ደረሰ። እውነተኛው ርቀት ሌላ ነው። ብርሃን በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከማርቆስ አዲስ አበባ ያለው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ለብርሃን የሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። ከፀሐይ ተነስቶ እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ከፀሐይ ቀጥላ ለእኛ ቅርብ ከሆነችው ኮከብ፣ ከፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ ለመድረስ ግን ከ4 ዓመት በላይ ይወስድበታል።

ሰው የሠራውን ደግሞ እንይ። በ1977 የመጠቀችው መንኩራኩር ቮያጀር 1 በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ትከንፋለች፤ ከማርቆስ ተነስታ አዲስ አበባ ለመግባት 18 ሰከንድ አይሞላባትም። በዚህ ፍጥነት እስከዚያች ቅርብ ኮከብ ያለውን ርቀት ለመጨረስ ከ70 ሺህ ዓመት በላይ ያስፈልጋታል። ስሌቱን ተማሪዎቼ ራሳቸው እንዲሠሩት አደርጋለሁ። የተሳሳቱ እየመሰላቸው ደብተራቸውን ገልብጠው እንደገና ይጀምሩታል፤ መልሱ ያው ነው።

ንግግሩም እንደዚያው ነው። በ1974 ፖርቶ ሪኮ ከነበረው ከአሬሲቦ ቴሌስኮፕ ኤም 13 ወደሚባለው የከዋክብት ክምችት በራዲዮ መልእክት ተልኮ ነበር። ክምችቱ 25 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ ብርሃን 25 ሺህ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ማለት ነው። እዚያ የሚሰማ ቢኖር፣ ወዲያው ቢመልስ እንኳ መልሱ ወደ ምድር የሚደርሰው መልእክቱ ከተላከ 50 ሺህ ዓመት በኋላ ነው። ፊት ለፊት ቆሞ በእንግሊዝኛ መጨዋወት የሚቻለው ስቱዲዮ ውስጥ ነው።

በነገራችን ላይ በጠፈር ላይ የሚፈነዳው መንኩራኩር ድምፅም የለውም። ድምፅ የሚጓዘው በአየር፣ በውኃ ወይም በጠጣር ነገር ነው፤ በሁለት ኮከቦች መካከል ደግሞ ድምፅ የሚያደርስ አየር የለም።

«ውኃችንን ሊወስዱ ይመጣሉ»

ግሽ ዓባይና ጮቄ ላሉበት አገር ሰው የውኃ ነገር ቀልድ ስላልሆነ ይህ ታሪክ እኛ ዘንድ ቶሎ ይታመናል። ነገር ግን ውኃ በጠፈር ብርቅ አይደለም። ከጁፒተር ጨረቃዎች አንዷ፣ ዩሮፓ፣ በበረዶ ቅርፊቷ ሥር ያለው ባሕር የምድር ውቅያኖሶች ሁሉ ከያዙት ውኃ እጥፍ ያህል እንደሚይዝ ይገመታል። ጅራታም ኮከቦችም በውስጣቸው ብዙ በረዶ አላቸው። ከዋክብትን አቋርጦ መምጣት የቻለ ኃይል መንገዱን ሁሉ የሞላውን በረዶ እያለፈ፣ የምድርን ስበት ታግሎ ጣናን የሚቀዳበት ምክንያት የለውም።

እኛ ግን ወደ ዩሮፓ እየሄድን ነው፤ ለመቅዳት ሳይሆን ለማጥናት። ዩሮፓ ክሊፐር የተባለችው መንኩራኩር በጥቅምት ወር 2024 መጥቃ አሁን በመንገድ ላይ ነች፤ ጁፒተር ዘንድ የምትደርሰው በ2030 ነው።

«በሽታ ይዘውብን ይመጣሉ»

ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም ማለት አልችልም። በ1969 ጨረቃን ረግጠው የተመለሱት የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ለ21 ቀን ከሰው ተለይተው እንዲቆዩ ተደርጓል። ፊልሞቹ የማያሳዩት ግን ሳይንቲስቶችን እንቅልፍ የሚነሳው የኛ ጀርም ወደዚያ መሄዱ መሆኑን ነው። ካሲኒ የተባለችው መንኩራኩር ኤንሴላዱስ ከምትባለው የሳተርን ጨረቃ ውኃ ወደ ጠፈር ሲፈናጠር አገኘች። ነዳጇ ሊያልቅ ሲል፣ ከምድር ይዛው የሄደችው ተሕዋስ ቢኖር ያችን ጨረቃ እንዳይበክል በመስከረም 2017 ሆን ተብሎ ሳተርን ውስጥ ገብታ እንድትቃጠል ተደረገ። ሃያ ዓመት የሠሩበትን መሣሪያ ለማያውቁት ነፍስ ደኅንነት ሲሉ አቃጠሉት። እኔ ከሁሉም ፊልም የሚልቅብኝ ይህ ውሳኔ ነው።

«ተደርድሮ የሚሄድ ብርሃን በዓይናችን አይተናል»

አይታችኋል፤ ውሸት አይደለም። ከ2019 ወዲህ ስታርሊንክ የሚባሉት ኢንተርኔት የሚያሰራጩ ሳተላይቶች በአንድ ሮኬት በብዛት ስለሚመጥቁ፣ በተለቀቁ ሰሞን እንደ መቁጠሪያ ተደርድረው ሲያልፉ ይታያሉ። ከመሸ በኋላ ወይም ሊነጋ ሲል፣ እኛ ጨለማ ውስጥ ሳለን እነሱ ከላይ ፀሐይ ስለሚያገኛቸው ያበራሉ። ከተማ በራቀበት በገጠሩ ጎጃም ሰማዩ ጥቁር ስለሆነ በደንብ ይለያሉ። «መኪናችንን ተከተለን» የሚባለው አንድ ደማቅ ብርሃን ደግሞ ብዙ ጊዜ ቬነስ፣ የአጥቢያ ኮከብ የምንላት ናት። እጅግ ሩቅ ስለሆነች መኪናው ሲሄድ ዛፉ ወደ ኋላ ይቀራል፣ እሷ አትቀርም።

በሳሕን ቅርጽ ተሠራች የምትባለውም መንኩራኩር ታሪክ አላት። በ1947 ኬኔዝ አርኖልድ የተባለ አሜሪካዊ አብራሪ የማያውቃቸው ነገሮች ሲበሩ አየሁ አለ፤ አበራረራቸውን ሲገልጽ በውኃ ላይ እንደተወረወረ ሳሕን ይነጥራሉ ብሎ ነበር። ጋዜጦች የበረራውን ሁኔታ ቅርጽ አድርገው ጻፉት። ከዚያ በኋላ ሰዎች ሳሕን ማየት ጀመሩ፤ ፊልሞቹም ያንን ወሰዱ።

«የጥንት ሰው ይህን ሊሠራ አይችልም፤ እነሱ ናቸው»

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህኛው ነው። ፒራሚዱን ኤሊየኖች ሠሩት የሚል ታሪክ በፊልምም በዩቲዩብም ሞልቷል፤ አሁን አሁን ላሊበላንም የሚጨምሩ አሉ። በ2013 በግብፅ፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በዋዲ አል ጃርፍ፣ 4,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ፓፒረሶች፣ ማለትም የጥንት ግብፃውያን ከሸምበቆ መሰል ተክል የሚሠሯቸው የጽሑፍ ወረቀቶች፣ ተገኝተዋል። መረር የተባለ የሠራተኞች አለቃ ቱራ ከሚባለው የድንጋይ ማውጫ የኖራ ድንጋይ በጀልባ ጭኖ ለንጉሥ ኩፉ ፒራሚድ ሲያመላልስ የዋለበትን ውሎ የመዘገበባቸው ናቸው። የሠራተኞቹ መንደርና መቃብርም ጊዛ ላይ ተቆፍሮ ወጥቷል። ይህ ሁሉ የሰው እጅ ነው።

እኛም አገር እንደዚያው ነው። እቴጌ እሌኒ ያሠሩት የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ላይ ያለውን የድንጋይ ቅርጽ ቀርቦ ያየ ሰው የጠራቢውን ትዕግሥት ያያል። ምስራቅ ጎጃም ያለ ልጅ ይህ በደጁ እያለ የአያቶቹን ድካም ለባዕድ ፍጡር አሳልፎ መስጠት የለበትም።

«አሜሪካ አግኝታ ደብቃለች»

«ቲቸር፣ ደብቀው ነው አይደል?» የማይለኝ ክፍል የለም። የተደበቀ ነገር በእርግጥ ነበረ። በ1947 ሮዝዌል በምትባል የአሜሪካ ከተማ አጠገብ የወደቀው ስብርባሪ የሶቪየት የኑክሌር ሙከራን ለመሰለል በምስጢር ከተሰቀለ ፊኛ የመጣ መሆኑን የአሜሪካ አየር ኃይል በ1994 አውጥቷል። ምስጢሩ ስለላ ነበር። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ያቋቋመው ገለልተኛ የጥናት ቡድንም በ2023 ባወጣው ሪፖርት ማንነታቸው ያልታወቁ የሰማይ ነገሮች ከሌላ ዓለም መምጣታቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል።

ፊልም ላይ ግኝቱ በአንድ ሌሊት ይሆናል፤ ስልክ ይደወላል፣ ጄኔራል ይሮጣል፣ በር ይዘጋል። በእውነቱ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲከሰት ምን እንደሚመስል ለማወቅ 1967ን ማየት ነው። በካምብሪጅ የዶክትሬት ተማሪ የነበረችው ጆስሊን ቤል ከራዲዮ ቴሌስኮፑ በየቀኑ የሚወጣውን፣ ምልክቱ የሚመዘገብበትን ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ ወረቀት በዓይኗ ታነብ ነበር። በአንድ ቦታ ላይ ከሌላው የማይመሳሰል ጭረት አየች። ወረቀቱ ቶሎ ቶሎ እንዲሄድ አድርጋ ስትቀዳው በየ1.34 ሰከንዱ የሚመታ፣ ምቱ የማይዛነፍ ምልክት ሆኖ ተገኘ። እንዲህ የተስተካከለ ነገር ከተፈጥሮ ይመጣል ብሎ የገመተ አልነበረም፤ «ትንንሽ አረንጓዴ ሰዎች» የሚል ቅጽል ሰጡት። ወዲያው ለዓለም አላወጁም። መሣሪያው ተበላሽቶ እንደሆነ፣ የምድር ራዲዮ ገብቶበት እንደሆነ አጣሩ። ከዚያ ቤል ራሷ ከሌላ የሰማይ አቅጣጫ ሁለተኛ ተመሳሳይ ምልክት አገኘች። ሁለት የተራራቁ ሥልጣኔዎች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ ወደ እኛ አይልኩም፤ የተፈጥሮ ነገር ነው ማለት ነው። በ1968 ታተመ። ፐልሳር የሚባሉት በፍጥነት የሚሽከረከሩ ኮከቦች የተገኙት በዚህ መንገድ ነው።

አውስትራሊያ በሚገኘው የፓርክስ ቴሌስኮፕም ለዓመታት ያደናገረ ምልክት ነበር። በ2015 ምንጩ ተደረሰበት፤ በአካባቢው ያለ የምግብ ማሞቂያ ማይክሮዌቭ ሥራውን ሳይጨርስ በሩ ሲከፈት የሚያመልጥ ሞገድ ነበር። ይህንንም ሳይደብቁ አሳተሙት።

አሁን በእጃችን ያለው ጉዳይ የማርስ ድንጋይ ነው። ፐርሲቪራንስ የተባለችው ተሽከርካሪ በ2024 ክረምት፣ በጥንት ዘመን ወንዝ ይፈስበት በነበረ ሸለቆ፣ የነብር ቆዳ የመሰለ ነጠብጣብ ያለበት ድንጋይ አገኘች። ነጠብጣቡ ውስጥ ያሉት ማዕድናት ምድር ላይ በተሕዋስያን አማካይነት ሊፈጠሩ ይችላሉ፤ ያለ ሕይወትም በኬሚካል ለውጥ ሊፈጠሩ ይችላሉ። ተመራማሪዎቹ በ2025 ጥናቱን ሲያሳትሙ «የሕይወት ምልክት ሊሆን ይችላል» አሉ እንጂ ሕይወት አገኘን አላሉም። ከድንጋዩ የተወሰደው ናሙና በቱቦ ታሽጎ ማርስ ላይ አለ፤ ሁለቱን የሚለየው ምርመራ የሚካሄደው ምድር ላይ ባለ ላቦራቶሪ ነው፣ ናሙናው ከመጣ።