ስለ ነፃነትና ስለ ፍትሕ በየሰልፉ የሚነገሩ ስህተቶች

አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነፍሰ ጡር ሴት ቅድሚያ ሲሰጣት «ሁላችንም እኩል ነን!» የሚል ሰው አይጠፋም። ፍትሐዊነት ለሁሉም አንድ ዓይነት ማድረግ ይመስለዋል። አርስቶትል ግን እኩል የሆኑትን እኩል፣ የሚለያዩትን እንደ ልዩነታቸው ማስተናገድ እንደሚገባ አስተምሯል። ዋናው ጥያቄ ልዩነቱ ጉዳዩን ይነካል ወይ የሚለው ነው። እርግዝና ቆሞ የመጠበቅን አቅም ይነካል፤ ከተራ አስከባሪው ጋር መተዋወቅ ግን ምንም አይነካም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ካለ በኋላ በአንቀጽ 35 ሴቶች የቆየውን በደል የሚያካክስ ድጋፍ እንዲያገኙ ፈቅዷል። ሁለቱ አይጣሉም።

«ነፃነት ያሻኝን ማድረግ ነው» የሚለውን ለማረም ብዙ መድከም አያሻም፤ ሌሊቱን ሙሉ ድምፅ ማጉያ የሚያስጮህ ጎረቤት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ስህተት ነው፦ «ነፃነት ገደብ አለው» እያሉ ያልወደዱትን ሐሳብ ሁሉ ዝም ማሰኘት። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1859 ያሰመረው ድንበር በሌላ ሰው ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። ቅር መሰኘት ብቻውን ጉዳት አይባልም።

«ሕጋዊ ከሆነ ትክክል ነው» ለሚል ደግሞ ፒያሳ፣ ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሟል። በ1928 ዓ.ም. ሞት የፈረደባቸው የወራሪው የጣሊያን ፍርድ ቤት ነበር። ችሎት መቀመጡ ግድያውን ፍትሕ አላደረገውም። በአገራችንም ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በባርነት የተያዘው ሰው የደረሰበት ግፍ እስከ አዋጁ ድረስ ግፍ አልነበረም ሊባል ነው?

ከልደታ ፍርድ ቤት የሚወጣ ተረቺ «ፍትሕ ጠፋ» ሲል መስማት የተለመደ ነው። ሊጠፋ ይችላል፤ መረታቱ ብቻ ግን ማስረጃ አይሆንም። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ያሉት በቅሎ ከጭብጦ ረክሳባቸው አይደለም። ተከራክሮ፣ ተሰምቶ፣ ምክንያቱ ተነግሮት የተረታ ሰው ክብሩ አልተነካም። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ዳኛው የፈረደበትን ምክንያት በፍርዱ ውስጥ እንዲያሰፍር ያስገድዳል። ስለዚህ ተረቺው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ነው፦ ክርክሬ ተሰምቷል? ለምን እንደተረታሁስ በግልጽ ተጽፏል?